ሦስት ጠርሙስ የሳል ሽሮፕ

መጋረጃው ብርሃኑን አልቻለውም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከልብስ ማጠቢያው የሌሊት ሥራዋ ተመልሳ፣ ጫማዋን በሩ ሥር ጥላ፣ የሥራ ሸሚዟን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ላይ እንደወደቀች ናት፤ አሁን አምስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ዓይኗ ግን ጣሪያው ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ተኚ እንጂ፣ ትላለች ለራሷ፣ ዛሬ ማታም እኮ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆመሽ አንሶላ ልታጥፊ ነው፣ ተኚ። እንቅልፍ በትእዛዝ የሚመጣ ይመስል። ከታች ቁልፍ ቀራጩ ማሽኑን ባስነሳ ቁጥር አልጋው ይነዝራል፣ ከግድግዳው ማዶ ያለችው ሴትዮ የአቧራ መምጠጫ ማሽኗን ታጮኻለች፣ ስልኩም፣ ያ የተረገመ ስልክ፣ ደረቷ ላይ ተኝቶ ይሞቃል። ደረቷ ላይ መሆኑን ስታስተውል እንደ ፍም አንስታ ትራሱ ላይ ወረወረችው። ወርውራው ግን አልቀረችም፤ መልሳ አነሣችው።

ስልኩ ላይ ሦስት ሣጥን ጎን ለጎን ተደርድሯል። ትንሹ፣ መካከለኛው፣ ትልቁ። የጤና መድን ነው። እስከ ዘንድሮ ድረስ ልብስ ማጠቢያው ለሌሊት ሠራተኛ መድን የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ ታመምኩ ብትይ ሌላ ሰው አንሶላውን ያጥፍልሻል፣ በቃ። ዘንድሮ ሕጉ ተለወጠና እያንዳንዱ ሰው ከሦስቱ አንዱን ይምረጥ ተባለ። መምረጫው ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ያመለጠው እስከሚመጣው ዓመት ድረስ ደጅ ይጠናል። ሦስት ሳምንት ጊዜ ሰጥተዋት ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሦስቱን ሣጥን ለትዳር እንደጠየቋት ሦስት ወንዶች እያገላበጠች ከርማ፣ አንዱንም ሳትመርጥ ይኸው የመጨረሻው ቀን መጣ።

ሂሳቡን በዳቦ ከረጢት ጀርባ ላይ ጽፋዋለች። ትንሹ በወር ስድሳ ሁለት ነው፤ የታመምሽ እንደሆነ ግን መድኑ እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ በፊት የመጀመሪያውን አራት ሺህ ራስሽ ትከፍያለሽ። መካከለኛው በወር መቶ አሥራ ስምንት፣ ከራስሽ አንድ ሺህ አምስት መቶ። ትልቁ በወር ሁለት መቶ አምስት፣ ከራስሽ ሦስት መቶ ብቻ። ጤነኛ ሆነሽ ዓመቱ ካለፈ ትንሹ ይረክሳል። ከታመምሽ ያው ትንሹ አራት ሺህ ሰባት መቶ አርባ አራት ይሆንና ትልቁ፣ ያ በየወሩ አንጀት የሚያሳርረው ትልቁ፣ ከሦስቱ ሁሉ የረከሰ ሆኖ ቁጭ ይላል። እንግዲህ ታመሻል ወይስ አልታመምሽም ነው ነገሩ። መታመሟን የሚነግራት ምርመራ ነው፤ ምርመራው መድን ይፈልጋል፤ መድኑን ለመምረጥ ደግሞ መታመሟን ማወቅ አለባት። ይህን ያሰበው ሰው ማን ይሆን፣ ትላለች፣ በሞቀ ቢሮ ተቀምጦ እግሩን አነባብሮ፣ ሰው በገዛ አካሉ ዕጣ እንዲያወጣ የፈረደ፣ እናት አልነበረችውም? እህት አልነበረችውም?

ይባስ ብሎ ከትልቁ ሣጥን ሥር በደቃቅ ፊደል ሌላ ነገር ተጽፏል። ከአርባ አምስት ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሁለት መቶ አምስቱ መቶ ሃምሳ አንድ ይሆናል። እሷ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ወረቀቷ ግን አርባ ስምንት ይላል። በወር የሃምሳ አራት ልዩነት ነው፤ በዓመት ስድስት መቶ አርባ ስምንት። እዚያ ላይ ስትደርስ እርሳሱ ከእጇ ወድቆ ከአልጋው ሥር ገባ፣ አላነሣችውም።

ሰባቱ ዓመት የእህቷ ነው።

ይህን እዚህ አገር የሚያውቅ አንድ ነፍስ የለም። ታላቅ እህቷ ናት በውጭ አገር ሥራ ያገኘችው፣ ሁለት ዓመት ስትመላለስ፣ ስትፈተን፣ ማስረጃ ስታስመሰክር ኖራ፤ ልትሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀራት በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ሞተች። ለቅሶው ገና ሳይበርድ ወንድማቸው፣ የቤቱ የበኩር ልጅ፣ በሩን ዘግቶ እሷንና እናታቸውን ፊት ለፊት አስቀመጣቸው። «ሰው ይቀበራል፤ ወረቀት አይቀበርም» አለ። ያን ጊዜ እሷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጣችበት ዓመት፤ ጠመኔ እንኳ በቅጡ አልያዘችም። መልካቸው ይመሳሰላል፣ ሁለቱም የአባታቸውን ግንባር ወስደዋል፤ በፎቶው ላይ ማን ማንን ይለያል? እናታቸው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ስለዚህ በእህቷ ስም፣ በእህቷ የልደት ቀን፣ በእህቷ ፊርማ ወጣች። እዚህ ስትገባ በመስኮት በኩል የተቀመጠው ሰውዬ «ወንድምና እህት አለሽ?» ሲላት፣ ወንድምየው እንዳስጠናት፣ «አንድ ወንድም። ታናሽ እህትም ነበረችኝ፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ በመኪና አደጋ ሞታለች» አለች። በገዛ አፏ ራሷን ቀበረች። ሰውዬው እንኳ አዝኖ ነበር፤ ቀና ብሎ «እግዜር ያጽናሽ» እንደማለት ዓይነት ፊት አሳያትና ማኅተሙን መታ።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በእህቷ ስም ሲጠሯት አቤት ትላለች፣ የእህቷን የልደት ቀን ሠራተኞቹ በኬክ ያከብሩላታል፣ እሷም ሻማውን እፍ ትላለች። የሟች ሻማ። አሁን ደግሞ የሟችን ዕድሜ በየወሩ ልትከፍል ነው። ጉድ ነው እቴ። እንዲህ ያለውን ነገር ለማን ይነግሩታል?

ዕድሜው ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን እንቅልፍ አይነሳትም ነበር። እንቅልፍ የነሳት በሚቀጥለው ገጽ ላይ ያለው ጥያቄ ነው። እናትዎ፣ አያትዎ ወይም እህትዎ የጡት ካንሰር ይዟቸው ያውቃል? ይላል። ጥያቄው ላይ በደረሰች ቁጥር ቃሉን በአውራ ጣቷ ትሸፍነዋለች፤ ማንም በሌለበት ክፍል፣ በራሷ አልጋ ላይ፣ የአርባ አንድ ዓመት ሴት። እንዲያ ነው ያደገችው። በቤታቸው ያ ነገር ስም አልነበረውም፤ «እዚያ ጋ» ነበር የሚባለው፣ እሱም ሕፃን የምታጠባ ሴት ካለች ነው። ከጥያቄው ሥር እንዲህ ይላል፦ መልሱ አዎ ከሆነ ከሦስቱ የትኛውንም ብትመርጪ ምርመራው ወዲያው፣ ያለ ምንም ክፍያ ይደረግልሻል። የለም ከሆነ ሃምሳ ዓመት ሲሞላሽ ይደረግልሻል፤ እስከዚያ ግን ከኪስሽ። በወረቀቷ ቢቆጠር ሁለት ዓመት ትጠብቃለች። በእውነቱ ቢቆጠር ዘጠኝ።

ዐሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ገላዋን ስትታጠብ፣ በግራ በኩል፣ ከብብቷ ዝቅ ብሎ፣ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ነገር እጇ ላይ መጣች። አታምም። ባትነካት ኖሮ አትኖርም ነበር። ውኃው እየፈሰሰ ቆማ ቀረች፣ ውኃው ቀዘቀዘ፣ አሁንም ቆማለች፤ እሷ እዚያው መታጠቢያው ውስጥ ቆማ ቀርታ፣ ይህች አልጋው ላይ የተጋደመችው ሌላ ሴት ሳትሆን አትቀርም።

ትናንት ማታ እንደ ዋዛ ጠይቃት ነበር፣ ሚኒስትሯን። ሚኒስትሯ በማጠፊያው ጠረጴዛ ከፊት ለፊቷ የምትቆም የአገሯ ሴት ናት፤ ደልደል ያለች፣ ድምፀ ትልቅ፣ ስለ ማንኛውም ወረቀት ፍርድ የምትሰጥ፣ ስሙም ከዚያ የወጣላት። ትልቁ የእንፋሎት ካውያ አንሶላውን እንደ ምላስ እያወጣ ይወረውርላቸዋል፣ ሁለቱ ጫፍና ጫፍ ይዘው ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ።

«ቅጹን ሞላሽ?» አለቻት ሚኒስትሯ።

«ገና ነኝ። አንዳንድ ጥያቄ አለበት።»

«አንቺ ደግሞ። ቅጽ ሲመጣ ምን ይባላል? የለም፣ የለም፣ የለም። ስኳር? የለም። ደም ግፊት? የለም። እናት አባት? እንደ በሬ ጤነኞች። እኔ እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ለወረቀት አዎ ብዬ አላውቅም።»

«አዎ ብትይስ?»

«ዋጋውን ሰማይ ይሰቅሉብሻላ። አዎ ያለች ሴት አውቃለሁ፣ እስከ ዛሬ ትከፍላለች።» የአንሶላውን ጫፍ ሰጥታት ወደ ኋላ እየሄደች ዓይኗን አጠበበች። «ደግሞ አዎ የሚያሰኝ ነገር አለሽ እንዴ?»

«የለም።»

«እንዲህ ነው የኔ ጎበዝ። ተምረሻል፣ ልትመረቂ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቀች እኮ። የገረማት እሱ ነው፣ የሳቀችው ሳቅ። ዛሬ ጠዋት ግን ያንን ገጽ ለአራተኛ ጊዜ ስታነበው ከታች አንዲት መስመር አገኘች፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ወርኃዊ ክፍያዎን አይለውጥም፣ ትላለች። የሚኒስትሯ ፍርድ ውድቅ ሆነ። አዎ ማለት ምንም አያስከፍልም። ታዲያ ለምን ጣቷ አልንቀሳቀስ አለ? መዝገቡን ፈርታ ነው? አዎ ብላ እህቴ ካለች ቀጣዩ ጥያቄ «ስንት ዓመቷ ነበር?» የሚል ነው፤ በመግቢያው መዝገብ የሞተችው እህት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የሞተችውም በመኪና ነው። አንድ ሰው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ቢያስቀምጥስ? ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የቋጠረችው ክር ከዚህች ጫፍ ቢተረተርስ? እሱን ፈርቼ ነው አለች። ውሸትሽን ነው አለች ደግሞ ወዲያው። ከአንሶላ በቀር የማታውቂ ሴትዮ፣ ማን ብለው ነው መዝገብሽን የሚያገላብጡት? ሌላ ነገር ነው የፈራሽው። በይው እስቲ። ለራስሽ እንኳ አትዪውም?

እህቷ በሩን ቀርቅራ፣ መስኮቱን ዘግታ፣ እጇን ይዛ ነው እዚያ ጋ ያስቀመጠችላት። አንድ ክፍል ነበር የሚተኙት። «ንኪው» አለቻት፣ «ይሰማሻል?» ተሰምቷታል። እንደ ወይራ ፍሬ ነበር ያኔ። ቀዝቃዛ መሰላት፣ ሥጋ እንዴት ቀዝቃዛ ይሆናል። «ለማንም እንዳትናገሪ» አለቻት እህቷ። «የጤና ምርመራ አለብኝ፣ ይህን ካወቁ ይጥሉኛል። ቪዛው ይውጣ እንጂ፣ እዚያ ሄጄ በአንድ ቀን ነው የሚያወጡልኝ። እዚያ እኮ ሐኪም እንደ አሸዋ ነው።» እዚያ ማለት እዚህ ነው። ሐኪሙ እውነትም እንደ አሸዋ ነው፣ እህቴ፤ ግን ዝገኚ ሲሉሽ እጅሽ ላይ ስንቱ እንደሚቀር ታዪዋለሽ።

አልተናገረችም። አንድ ወር፣ አምስት ወር፣ ዐሥራ አንድ ወር። ወይራው ሎሚ ሆነ። እህቷ እየከሳች ስትሄድ እናታቸው ተጨንቃ ወንድምየውን አስከትላ ወደ ክሊኒክ ላከቻት። ሐኪሙ ወንድ ነው፣ ወንድምየው ደግሞ እንደ ዘበኛ ከአጠገቧ አልላወስ ብሏል። «ምን ሆነሻል?» ሲላት በሁለት ወንዶች መካከል ተቀምጣ ምን ትበል? «ሳል» አለች። ሳል። አንድ ቀን ስላ የማታውቅ ሴት። ሽሮፕ ጻፈላት። በወሩ ሄደች፣ ሽሮፕ። እንደገና ሄደች፣ ሽሮፕ። ሦስቱ ጠርሙሶች መስኮቱ ደፍ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ሲመታቸው የብርቱካን ጭማቂ ይመስሉ ነበር። ሰው ሲመጣ እህቷ ትስላለች፤ ጠያቂ ገብቶ እስኪወጣ አሳምራ ትስልና በሩ ሲዘጋ ታቆማለች። አንድ ቀን ሁለቱ ተያይተው በሳቅ ፈረሱ። እናታቸው ጠዋትና ማታ ማንኪያውን ይዛ ትመጣለች፤ «ክፈቺ እስቲ የኔ እመቤት፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያለች። እህቷ አፏን ትከፍታለች። እሷ በሩ አጠገብ ቆማ ታያለች። እናቷ በማንኪያ ስትለካ፣ አንዲት ጠብታ እንዳይፈስ መዳፏን ከሥር ዘርግታ፣ እሷ እያየች።

ወንድምየውን ትረግመዋለች። እንዴት አልረግመው፣ ያ ወረቀት አይቀበርም ባይ፣ ሐኪም ቤት ድረስ ገብቶ እንደ ሐውልት የተገተረ። እናቷን ትረግማለች፣ ትታረምና ደግሞ ትቆጣታለች፤ ልጆቿን ሰውነታቸውን እንደ ሌባ እንዲደብቁ አድርጋ ያሳደገች። እህቷን ራሷን ትቆጣታለች፣ አንቺ ደግሞ ምን ቆርጦሽ ነው የሞትሽው፣ ወንዶቹን ውጡልኝ ብትይ ምን ነበረበት። ሁሉንም በተራ ስታበራይ ቆይታ፣ ቁጣዋ ዙሮ ዙሮ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፣ ወደዚያ መሄድ አይፈልግም። እዚያ ማለት ወንበሩ ነው። ከእህቷ አልጋ አጠገብ ያለው ወንበር።

ወንድምየው ወረቀት አይቀበርም ያለው ከቀብር በኋላ ነው ብላ ነው ሁልጊዜ ለራሷ የምትተርከው፤ ቅድምም እንደዚያው ተረከችው። ሐሰት ነው። ከመሞቷ ከአሥር ቀን በፊት ነው ያለው፣ በጓሮ በኩል፣ በሹክሹክታ። «እሷ የምትድን አትመስልም፤ ፊርማዋን ልመጂ» ነው ያላት። በለቅሶው ቤት በሩን ዘግቶ የተናገረው ለእናታቸው ነው። እሷማ ቀደም ብሎ ወንበሩ ላይ ነበረች፣ ደብተር ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የእህቷን ፊርማ ትለማመዳለች፣ ባለቤቲቱ አጠገቧ እያቃሰተች። ገጽ ሙሉ። ሁለት ገጽ። ደህና እየሆነላት ሲሄድ ውስጧ ትንሽ ደስ አላት፣ ይኸው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆድ ይፍጀው ያለችው፣ ደስ አላት፤ አገር ልታይ ነው፣ አውሮፕላን ልትሳፈር ነው። ቀና ስትል እህቷ ዓይኗን ከፍታ ታያታለች። ደብተሩን መደበቅ አልቻለችም። እህቷ ለረጅም ጊዜ ፊርማውን አየችና «ጭራውን ወደ ላይ አድርጊው» አለቻት። «እኔ ወደ ላይ ነው የማደርገው።»

ሌላ ምንም አላለቻትም። እስክትሞት ድረስ ሌላ ምንም አላለቻትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥታ ተቀመጠች። ፊቷን አልታጠበችም። ስልኩን አንስታ ወደ ቤት ደወለች፤ ሁልጊዜ የሚያነሣው ወንድምየው ነው፣ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ይለቀዋል፣ እናቷ ከወዲያ ሆና እንደ ሬዲዮ ነው የምትሰማት።

«የኛ ፈረንጅ» አለ ወንድምየው። «በቀን መደወል ጀመርሽ? አባረሩሽ እንዴ?»

«ጋሼ፣ ድምፁን ዝጋውና ስልኩን ለእማዬ ስጣት። አንተ ውጣ።»

«ምን?»

«ከክፍሉ ውጣልኝ።»

«ከኔ የሚደበቅ ነገር ደግሞ መቼ መጣ? እኔ ለዚህ ቤት...»

«ውጣ አልኩህ።»

እንዲህ አናግራው አታውቅም። ወንበር ሲንቋቋ፣ በር ሲዘጋ ተሰማ፣ ከዚያ የእናቷ ትንፋሽ ቀርቦ መጣ።

«ልጄ» አለች እናቷ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት መጠሪያዋ ልጄ ብቻ ነው። የገዛ ስሟን በስልክ እንዳትጠራ ወንድምየው ከልክሏታል፤ የሟቿን ስም ደግሞ አንደበቷ እንቢ አላት።

«እማዬ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ። ምን ሆንሽብኝ?»

«እህቴ በምንድነው የሞተችው?»

«ምን የሚሉት ጥያቄ ነው ደግሞ ዛሬ። በሳል ነዋ።»

«ሳል አልነበረም።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው፤ አልተቋረጠም።

«አውቃለሁ» አለች እናቷ።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ገላዋን ያጠብኩት እኔ አይደለሁም? ዓይኔ እኮ ያኔ ደህና ነበር።»

ንዴቱ ከእግር ጥፍሯ ጀምሮ መጣ። «አውቀሽ ነው? ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በየሳምንቱ እየደወልኩ፣ ዝናብ ዘነበ፣ ሽንኩርት ተወደደ እያልሽኝ፣ ይህን አውቀሽ ነው?»

«ምን ልበልሽ? በሰው አገር ብቻዋን ላለች ልጅ እንዲህ ያለ ወሬ ይነገራል? እንቅልፍ ልንሳሽ?»

«መች ተኛሁ እማዬ። መች ተኛሁ።»

«የኔም እናት እንዲያው ነበረች» አለች እናቷ ዝግ ብላ፣ ከራሷ ጋር እንደምታወራ። «ብርድ ነው የመታት ተባለ። እኔም ብርድ ነው አልኩ። ጎረቤቱም ብርድ አለ። ሲባል ሲባል ብርድ ሆነ።»

አያትሽም፣ አለች ለራሷ። ቅጹ አያትንም ይጠይቃል። አንድ ቤት ሙሉ ሴት፣ አንዷ በብርድ አንዷ በሳል። ልትጮህ አፏን ስትከፍት እናቷ ቀደመቻት።

«አንቺስ ከየት አወቅሽው? አንቺ ስትታጠብ አልነበርሽም።»

መጣ። ከወንበሩ ጀርባ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሞ የጠበቃት ጥያቄ መጣ። አላውቅም ልትል ትችላለች፣ ጠረጠርኩ ልትል ትችላለች፤ የለም፣ የለም፣ የለም።

«አሳይታኝ ነበር» አለች። «ገና ትንሽ ሳለ። ከመሞቷ ከዐሥራ አንድ ወር በፊት።»

«ዐሥራ አንድ ወር።»

«አትናገሪ ብላኝ ነው። እኔም...»

«እኔ በማንኪያ ሽሮፕ እየለካሁ» አለች እናቷ፣ ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ፣ «ማታ ማታ እየተነሣሁ፣ አንቺ እያየሽኝ?»

«አዎ።»

እናቷ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ሌላ ሰው የሆነች ይመስል በሌላ ድምፅ «ዛሬ ይህን ለምን አመጣሽው?» አለች። መልስ ሳትጠብቅም «አንቺም ጋ... እዚያ ጋ... አለ?»

«አለ።»

«በየት በኩል?»

«በግራ።»

«የሷም በግራ ነበር።» እናቷ ተነፈሰች። «ስሚኝ። ሂጂና ታዪ። ሂጂና ወንድ ይሁን ሴት ይሁን፣ ገላልጠሽ አሳዪ። ሳል ነው ብርድ ነው ያልሽ እንደሆነ፣ ሁለታችሁንም ያጠባሁበት ጡቴ ይፋረድሽ።»

ቃሉን አለችው። እናቷ። በሕይወቷ ከእናቷ አፍ ሰምታው የማታውቀውን ቃል እንደ ድንጋይ አንስታ ወረወረችባት። ከዚያ ስልኩን ዘጋችው፤ ደህና ሁኚ አላለቻትም፣ ይቅር ብዬሻለሁም አላለቻትም። ይቅር እንደማትላት ገብቷታል፣ ምናልባት መቼም። ይሁን። እሷም አልማረቻትም። ሁለቱም ተቆጥተው ይኖራሉ እንግዲህ፤ ዝናብ ዘነበ ከሚባባሉ ይሻላል።

አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ቁልፍ ቀራጩ ሱቁን እየዘጋ ነው፣ የብረቱ መዝጊያ ሲወርድ ይሰማል። ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ አውራ ጣቷን ከቃሉ ላይ አነሣች። አያት፣ አዎ። እህት፣ አዎ። እህትዎ ስንት ዓመታቸው ነበር? ሃያ ዘጠኝ ብላ ጻፈች። ለአንድ ወረቀት እውነተኛ ቁጥር ስትጽፍ ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወዲህ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ካለ ያስቀምጥ፣ ይምጣና ይጠይቀኝ፣ እነግረዋለሁ፣ ከወንበሩ ጀምሬ ነው የምነግረው። ከዚያ ወደ ሦስቱ ሣጥን ተመለሰች። ትልቁን መረጠች። ጤነኛ ነኝ ብላ ራሷን መሸንገል መረራት። ሃምሳ አራቱም ይቆረጥ በየወሩ፤ ሰባቱን ዓመት እህቷ ኖራቸዋለች፣ እሷ ተጠቅማባቸዋለች፣ በነጻ ነው ያለው ማን ነው? በመጨረሻ ባዶ መስመር መጣ፣ በጣትዎ ይፈርሙ የሚል። ጣቷን አስቀመጠች። ስትጨርስ ጭራውን ወደ ላይ አደረገችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በጠባብ ክፍል ውስጥ ቆማለች። ጋውኑን አጣጥፈው ሰጥተዋታል፣ ሰማያዊ፣ ከኋላ በክር የሚታሰር፤ ጥጉ ላይ የልብስ ማጠቢያቸው አረንጓዴ ማኅተም አለበት። እጅጌዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው የታጠፉ ናቸው። ሚኒስትሯ ወደ ውጭ ነው የምታጥፋቸው፤ ይህን ያጠፈችው እሷ ራሷ ናት፣ ከሺዎቹ አንዱን፣ ማን እንደሚለብሰው ሳታስብ። ዘረጋችው። ለበሰችው። ክሩን አሰረች፤ ንዴቱ አልለቀቃትም፣ እሷም አልለቅህም አለችው፣ ዛሬ አንተን ይዤ ነው የምገባው። በሩ ተከፈተና ነርሷ ወረቀት ላይ እያየች ስሙን ጠራች፤ አጣመመችው፣ ሁሉም ያጣምሙታል፣ ግን የእህቷ ስም ነው፣ ሙሉ ስሟ ከነአባቷ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ ተራዋ ደርሶ።

«አቤት» አለች።

ነርሷ ወንበሩን አሳየቻትና ምን እንደሆነች ጠየቀቻት። ከነርሷ ጀርባ አንድ ወንድ ሐኪም ጓንቱን እያጠለቀ ነበር። እሷ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም።

«ሳል አይደለም» አለቻቸው በገዛ ቋንቋዋ፤ ሁለቱም ግራ ተጋብተው ተያዩ። ከዚያ ቃሉን በእነሱ ቋንቋ፣ ጮክ አድርጋ ተናገረችው፤ የጋውኑንም ክር ራሷ ፈታችው።